ኩራት የሚወረስ ከሆነ

ሚያዝያ 27 በመጣ ቁጥር ፌስቡኩም ቴሌግራሙም «አሸነፍን» በሚል ቃል ይሞላል። ጣልያን አዲስ አበባ የገባው ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. ነው። ንጉሠ ነገሥቱ ተመልሰው የገቡት ደግሞ ልክ በአምስተኛ ዓመቱ፣ ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም.። በመሃል ያለው አምስት ዓመት የአርበኞች ነው። ይህን የምጽፈው እኔ ግን ሠላሳ ያልሞላኝ፣ ከላፕቶፕ የከበደ ነገር ይዤ ተራራ ወጥቼ የማላውቅ የሶፍትዌር ባለሙያ ነኝ። «አሸነፍን» ስል እኔ የቱ ጋ ነበርኩ?

የቃላት ጨዋታ ሊመስል ይችላል። ላስታ ውስጥ፣ በዘመድ መሃል ሲነሳ ግን ጨዋታነቱ ይቀራል።

የወሩ 27ኛ ቀን መድኃኔዓለም ስለሆነ እኛ ቤት የአርበኞች ቀንና የጽዋ ማኅበር አንድ ላይ ነው የሚውሉት። ከቤተ መድኃኔዓለም መልስ ላሊበላ ያለውም፣ ከገጠር የመጣውም፣ ከወልድያና ከአዲስ አበባ የገባነውም እንሰበሰባለን። ዳቦ ይቆረሳል፣ ጠላ ይቀዳል። ትልቁ አጎቴ የቅድመ አያታችንን ስም ያነሳል፤ ከዚያ አንዱ ጎረምሳ ብድግ ብሎ ይፎክራል። ድሮ ፎካሪው የሚቆጥረው የራሱን ሥራ ነበር። የኛ ጎረምሳ ግን የሚቆጥረው ከመወለዱ በፊት ያለፈ ሰው የሠራውን ነው። ማንም ቅር አይለውም፤ ደስ ይላል እንጂ።

ባለፈው ጊዜ የአሥራ አራት ዓመቷ የአክስቴ ልጅ ፉከራው ሲያበቃ «ወንድማቸውስ?» ብላ ጠየቀች።

ቅድመ አያታችን ወንድም ነበራቸው። ለጣልያን አስተርጓሚ ሆኖ አደረ ይባላል። አጎቴ «እሱ የኛ አይደለም፣ ተይው» አላት። ሌላዋ አክስቴ ቀበል አድርጋ «ኧረ እሱም የውስጥ አርበኛ ነበር አሉ» አለች። እማሆይ ከጥግ ሆነው «አሉ ነው እንጂ ያየ የለም፣ ልጄ» አሉ። ከዚያ ቡናው መጣና ወሬው ተቀየረ።

የውስጥ አርበኛ የሚባል ነገር በእርግጥ ነበር። እነ ሸዋረገድ ገድሌ በጠላት መሃል እየኖሩ ለአርበኛው መረጃና ጥይት አሳልፈዋል። ግን ለጣልያን ያደረ ዘመድ ሁሉ በኋላ የውስጥ አርበኛ ከሆነ፣ ጣልያን ማንን ይዞ ነው የዘመተው? «ባንዳ» የሚለው ቃል ራሱ ጣልያን ከአገሬው ሰው መልምሎ ላቋቋማቸው ጓዶች የሰጠው ስም ነው። ዋግና ላስታ ላይ ያመፁት ደጃዝማች ኃይሉ ከበደ ተይዘው አንገታቸው ሲቆረጥ፣ ሌላው ሰው ደግሞ ለዚያው ሠራዊት ደሞዝተኛ ነበር። ሁለቱም ልጆች ወልደዋል። እኛ ከሁለቱም ነን።

ማስታወስ ሁሌም ምርጫ አለበት። በዓሉ እንኳን በደርግ ጊዜ ወደ መጋቢት 28 ተዛውሮ ነበር፤ ከደርግ በኋላ ነው ወደ ሚያዝያ 27 የተመለሰው። ከድሉ በኋላ ለጣልያን ያደሩ አንዳንዶች ሹመት ሲያገኙ፣ ጎጃም ላይ ጣልያንን ያስጨነቁት በላይ ዘለቀ በ1937 ዓ.ም. በስቅላት ሞቱ። ማን ጀግና፣ ማን ከሃዲ እንደሚባል ያኔም የሚወስነው ሥራው ብቻ አልነበረም።

ታዲያ በቅድመ አያቴ ልኮራ እችላለሁ? የሚታየኝ ሁለት መንገድ ነው።

አንደኛው፣ ኩራት በደም ይመጣል ማለት ነው። የሳቸው ደም ስላለኝ ክብራቸው የኔ ነው። ጥሩ። ግን ደም መርጦ አያወርስም። የጀግናው ክብር በደም ከመጣ የወንድሙም እፍረት በዚያው መንገድ ይመጣል፣ ያኔ ንጹህ ሆኖ የሚቀር ቤት የለም። «እሱ የኛ አይደለም» ማለት ድርሻውን ከፍሎ እዳውን ለሌላ እንደሚተው ወራሽ መሆን ነው።

ሁለተኛው፣ ኩራት አርአያ መምረጥ ነው ማለት ነው። የሠሩትን አልሠራሁም፤ ግን እንደሳቸው መሆን እፈልጋለሁ። ይሄኛው ለኔ የተሻለ ነው። ችግሩ፣ ይህን ካልኩ የሥጋ ዝምድናዬ ምንም ብልጫ አይሰጠኝም። የባንዳው የልጅ ልጅም ቅድመ አያቴን አርአያ ማድረግ ይችላል፣ ከኔ እኩል። በዓሉ የሱም ነው።

በየትኛውም መንገድ ብትሄዱ አንድ ነገር ማለት አትችሉም፦ «አንተ የባንዳ ልጅ»።

ይህ ደግሞ የድሮ ወሬ አይደለም። በ2013 ዓ.ም. ክረምት ላሊበላ በትግራይ ኃይሎች እጅ ገባች፤ እስከ ታኅሣሥ 2014 ድረስ ከአንድ ጊዜ በላይ እጅ ተለዋወጠች፤ ከዚያ ወዲህም ጦርነት ከአካባቢው አልራቀም። ያኔ ሱቁን ዘግቶ ስላልጠፋ ብቻ «ባንዳ» የተባለ ሰው አውቃለሁ። ትንሿ ልጁ ደግሞ ሰፈር ውስጥ በዚሁ ስም ትጠራለች። ጦርነቱ ሲጀመር ገና መናገር እየለመደች ነበር። እኛ ቤት ስንፎክር እሷ ከአጥሩ ማዶ ትሰማለች።

«በዓሉን ተወው፣ ሰው ቢደሰትበት ምን አለበት?» የሚለኝ ይኖራል። ልክ ነው፤ ፉከራው ይቀጥል። ልጆች የሚመኙት ሰው ያስፈልጋቸዋል። እኔ የምለው የወንድምየው ስምም ይነሳ ነው። ለመስደብም አይደለም፣ ለማጠብም አይደለም። ካርል ያስፐርስ የተባለው ጀርመናዊ ፈላስፋ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማግሥት ስለ አገሩ ሰዎች በደል ሲጽፍ ወንጀልን ከኃላፊነት ለይቶ ነበር። ወንጀሉ የሠሪው ብቻ ነው፣ ኃላፊነቱ ግን እጁ ለሌለበትም ይደርሳል።

በኛ ሙያ ይሄ በየቀኑ የሚያጋጥም ነው። ከዓመታት በፊት ሥራ የለቀቀ ሰው የጻፈውን ኮድ ትረከባለህ። ጊት ብሌም ብለህ ስትፈልግ እያንዳንዱን መስመር ማን እንደጻፈው ያሳይሃል። ስሙን ማወቅ ይጠቅማል፣ ነገሩ እንዴት እንደተበላሸ ለመረዳት። ግን ስሙን ስላወቅክ ብልሽቱ አይስተካከልም። ጥፋቱ ያንተ አይደለም፤ ማስተካከሉ ግን ያንተ ነው። ጥሩ የተጻፈውንም መስመር «እኔ ጻፍኩት» አትልም፤ እንዳይበላሽ ትጠብቀዋለህ እንጂ።

ቅድመ አያቴ ያቆዩልኝም እንደዚያ ይመስለኛል፤ የምጠብቀው እንጂ ጉራ የምነዛበት ንብረት አይደለም። ያቺ ልጅ የኛን ግቢ በር ገፍታ ገብታ ከኛ ልጆች ጋር ዳቦ መቁረስ ካልቻለች፣ «አሸነፍን» የምንለው ማንን ነው?