ሰውን ማመን ቀብሮ ነውን?

«ሰውን ማመን ቀብሮ ነው» ይላል የአገራችን ሰው። አባባሉ ከብዙ ክህደት የተጨመቀ ለመሆኑ ማስረጃ መደርደር አያሻም። ገንዘቡን ያበደረ፣ ምስጢሩን ያካፈለ፣ ለሰው ዋስ የሆነ ሁሉ አንድ ቀን ብሎታል፤ ባይለውም ሊለው ቃጥቶታል። ይሁንና ይኸው ሕዝብ ሌላም ልማድ አለው። መንገድ ላይ የመሸበት ሰው ከማያውቀው ደጅ ቆሞ «የመሸበት የእግዚአብሔር እንግዳ ነኝ» ሲል ከውስጥ የሚሰማው መልስ «ቤት የእግዚአብሔር ነው» የሚል ነበር። ታዲያ የእኛ እውነት የትኛው ነው? ተረቱ ወይስ የተከፈተው በር?

ይህን የቆየ ጥያቄ እንደ አዲስ የቀሰቀሰብኝ ከአገራችን በጣም የራቀ አንድ ከተማ ነው። ፓሪስ በዓመት አንድ ሌሊት አትተኛም። ፈረንሳዮች፣ እኛ «ዓይኔን ሳልከድን ነጋ» የምንለውን «ነጭ ሌሊት አሳለፍኩ» ይላሉ፤ በዓሉም «ኑዊ ብላንሽ» የሚለውን ስሙን ያገኘው ከዚሁ አነጋገር ነው። በዚያ ሌሊት ሙዚየሞች፣ አብያተ ክርስቲያናት፣ አደባባዮችና የወንዝ ዳርቻዎች የሥነ ጥበብ ሥራ ማሳያ ይሆናሉ። ገንዘብ የሚጠይቅ የለም። ሕዝቡ ከአንዱ ወደ ሌላው ሲዘዋወር ያነጋል። በዓሉ መጀመሪያ የተከበረው መስከረም 25 ቀን 1995 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 5 ቀን 2002) ሲሆን፣ ከዚያ ወዲህ ሮም፣ ብራስልስ፣ ቶሮንቶና ሌሎችም ብዙ ከተሞች ልማዱን ወርሰውታል።

በዚያች የመጀመሪያ ሌሊት፣ በአንድ ከተማ፣ ሁለት ነገሮች ሆኑ።

ሶፊ ካል የምትባል፣ በፎቶግራፍና በጽሑፍ የምትሠራ የጥበብ ሰው በኤፍል ማማ አናት ላይ አልጋ አሰናድታ ተኛች። የማታውቃቸው ሰዎች አንድ በአንድ እየገቡ፣ ከአልጋዋ አጠገብ ሆነው፣ እንቅልፍ እንዳይወስዳት ተረት እንዲያወሩላት ጠየቀች። ለአንድ ሰው የተሰጠው ጊዜ 5 ደቂቃ ነበር። በመቶ የሚቆጠሩ ሰዎች መጡ፤ አወሩላት፤ ነጋ።

በዚያው ሌሊት ከንቲባው በርትራን ዴላኖዬ የማዘጋጃ ቤቱን በር ለሕዝብ ከፍተው፣ ራሳቸው በመካከሉ እየተዘዋወሩ እንግዳ ይቀበሉ ነበር። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ተኩል ገደማ አንድ ሰው ቀረበና ሆዳቸውን በቢላዋ ወጋቸው። ወደ ሆስፒታል ሲወሰዱ በዓሉ እንዳይቋረጥ አሳሰቡ። ቀዶ ሕክምና ተደርጎላቸው ዳኑ። በዓሉም በዓመቱ ተመልሶ ተከበረ።

እንግዲህ አንዷ እንግዳን አምና ተረት ሰማች፤ ሌላው እንግዳን አምነው ተወጉ። ከሁለቱ ማን ትክክል ነበር?

እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2016 ይህን ሌሊት ፓሪስ ከሚኖር አንድ የሠፈሬ ልጅ ጋር ስዞር አነጋሁ። ከዚያ 11 ወር ቀደም ብሎ፣ ኖቬምበር 13 ቀን 2015፣ በከተማይቱና በዳርቻዋ በደረሰው ጥቃት 130 ሰዎች ተገድለው ነበር። አብዛኞቹ ካፌ በረንዳ ላይ የተቀመጡ ወይም ሙዚቃ ሊሰሙ የገቡ ነበሩ። በዚህም የተነሣ ቦርሳ ይበረበራል፤ ጠመንጃ ያነገቡ ወታደሮችም በሕዝቡ መሐል ያልፋሉ። የዚያ ዓመት በዓል የሴን ወንዝን ተከትሎ የተዘረጋ ስለነበረ እኛም ከድልድይ ድልድይ እየተሻገርን የከንቲባውን ነገር አንሥተን ተከራከርን።

«አየህ» አለኝ ወዳጄ ቦርሳውን መልሶ እየዘጋ፣ «የእኛ ሰው ቀድሞ አውቆታል። መቶ ሺህ ሰው ደግ ቢሆን ምን ይጠቅምሃል? ለአንድ ሆድ አንድ ቢላዋ ይበቃዋል።»

ይህ በቀላሉ የሚገፋ ክርክር አይደለም። ብዙዎች ደጎች ናቸው ብሎ ማስላት ለተወጋው ሰው መጽናኛ አይሆነውም። ስለሆነም እምነትን በስሌት ላይ ያቆመ ሰው የመጀመሪያው ቢላዋ ሲመዘዝ ስሌቱ ይፈርስበታል። ለእኔ ግን እምነት ስለ እንግዳው የሚነገር ትንቢት አይደለም። «ይህ ሰው አይጎዳኝም» ማለት ሳይሆን «ይህን ሰው የምቀበለው እንደ ሰው ነው» ማለት ነው። የመጀመሪያው ግምት ነው፤ ግምት ይሳሳታል። ሁለተኛው ግን የባለቤቱ ጠባይ ነው። እንግዳው ቢከፋ ኃጢአቱ የእንግዳው ነው እንጂ በር የከፈተው ሰው ሞኝ ነበር አያሰኝም።

እምነት ሌላም ሥራ አለው፤ የታመነውን ሰው ይለውጠዋል። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ወንዙ ዳር ስንቀመጥ አንዲት የማናውቃት ሴት ልጇን ለማየት ወደ ሕዝቡ ስትሮጥ ብስክሌቷን ለዚሁ ለተጠራጣሪው ጓደኛዬ «ያዝልኝ» ብላ ትታለት ሄደች። ዐሥር ደቂቃ ያህል ቆየች። እሱም መሪውን በሁለት እጁ ጨብጦ፣ ሲጋራ እንኳ ሳይለኩስ፣ እንደ ዘብ ቆሞ ጠበቀላት። «ብትታማ ኖሮ ትሸጠው ነበር?» ብዬ ስቀልድበት «ዝም በል፣ አደራ ነው» አለኝ። አደራ! ማንም ያላመነው ሰው አደራ የሚባል ነገር ከየት ያገኛል?

ይሁንና ወዳጄ አንድ ነጥብ አስረግጦ ያዘ። «ከንቲባው የገዛ ሆዳቸውን ነው ለአደጋ የሰጡት» አለ። «እነዚያ 130 ሰዎች ግን ማንን አምነው ነው የሞቱት? የእነሱን ነፍስ አስይዞ ደግ የመሆን መብት ያለው ማን ነው?»

እዚህ ላይ እውነት ብሎኛል። ሰው በእምነት ማስያዝ የሚችለው የራሱን ነው። ሶፊ ካል የራሷን እንቅልፍ አስያዘች፤ ዴላኖዬ የራሳቸውን ገላ። በሌላ ሰው ሕይወት ላይ ቸር መሆን ግን ቸርነት አይባልም። ስለዚህ ቦርሳ የሚበረብረውን ዘብ እንደ ክህደት ምልክት አላየውም። እኔ በሌለሁበት ልጄን ለሕዝብ መሐል የሰጠሁ አባት ብሆን መጀመሪያ የምጠይቀው እሱን ነው።

ነገር ግን ጥበቃም ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ በሩ ክፍት ሆኖ እንዲቆይ የሚጠብቅ፣ ሌላው በሩን ለመዝጋት ሰበብ የሚፈልግ ነው። ልዩነታቸውን ለማወቅ ወደ ድሮው አባወራ መመለስ ይበቃል። እሱም ጅብ እንዳለ፣ ሽፍታም እንዳለ ያውቃል፤ በሩንም አጥብቆ ይቀረቅራል። የሚቀረቅረው ግን እንግዳውን ካስገባ በኋላ ነው። ፍርሃቱ እውነተኛ ነው፤ ፍርሃቱ ግን የቤቱ አዛዥ አይደለም። ዛሬ በየከተማው አጥር ሲያድግ፣ ካሜራ ሲበዛ፣ ሰው ጎረቤቱን በቀዳዳ ሲያይ ስናስተውል ልንጠይቅ የሚገባን «ለምን ትጠብቃላችሁ?» ብለን ሳይሆን «ማንን ካስገባችሁ በኋላ ነው የቀረቀራችሁት?» ብለን ነው።

ወዳጄ እስከ ንጋት አልተረታልኝም፤ እኔም እንዲረታ አልጠበቅሁም። ተረቱም ቢሆን ሐሰት አይደለም። የተቀበረ ሰው በእርግጥ አይከዳም። ነገር ግን የተቀበረ ሰው የመሸበት እንግዳ ሆኖ ደጅ አይመታም፤ ብስክሌት አይጠብቅም፤ እንቅልፍ ላጣም ተረት አያወራም። ፈጽሞ የማይከዳን ሰው ብቻ ካልሆነ አናምንም ካልን፣ ጓደኞቻችንን የምንፈልገው ከመቃብር ነው ማለት ነው።