ነሐስና የጠላት ፊት

ጦርነትን በነሐስ የሚቀርጽ ሰው ጦርነትን ማየት አለበት? ያላየ አይመሰክርም ብለን አብዛኞቻችን «አዎ» እንላለን። የአንቱን አውጉስቲንቺች ሥራ ግን ይህን መልስ ያናጋዋል።

ክሮኤሽያዊው ቀራፂ በ1943 እ.ኤ.አ. ከቲቶ አርበኞች ጋር ተሰልፎ፣ በዚያው ዓመት ለአርበኞቹ የያይጼ ጉባኤ የመሪያቸውን ምስል ሠርቷል። ጦርነትን አይቷል ማለት ነው። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ፋሺስቶች ሕዝቡን ሲጨፈጭፉ ግን አዲስ አበባ አልነበረም። ሆኖም ከፍራኖ ክርሺኒች ጋር ለስድስት ኪሎው ሐውልት የሠራው የጭፍጨፋው ምስል ዛሬም ቆሟል፤ ማንም ሐሰት ነው አላለውም። ይኸው እጅ ሐረር ላይ ራስ መኮንንን በፈረስ አስቀመጣቸው። ያ ሐውልት ሰኔ 2012 በድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳ ግድያ ማግስት በተነሳው ቁጣ ተገረሰሰ። ቀራፂው አንድ፣ ሙያው አንድ። ታዲያ አንዱን ያቆመ፣ ሌላውን የጣለ ምንድን ነው?

እንደኔ ምክንያቱ ያለው ከሐውልቱ ዙሪያ ነው። ስድስት ኪሎ ላይ ገዳዩ ባሕር ተሻግሮ የመጣ ፋሺስት ነው፤ ተመልካቹ ሁሉ ከሟቹ ወገን ይቆማል። ራስ መኮንን ግን ለአንዱ የዐድዋ ጀግና፣ ለሌላው ሐረር በ1879 በጦር ከተያዘች በኋላ የተሾሙ ገዢ ናቸው። ሁለቱን በአንድ ፊት ማሳየት ማን ይችላል?

ጥያቄው የድሬዳዋው ሰፈር መጋላ ሲደርስ ይብሳል። ነሐሴ 1969 የሶማሊያ ጦር ድሬዳዋን ሊይዝ በታንክ መጥቶ ተመልሷል። የዚያ ጦርነት ትልቁ መታሰቢያ ግን አዲስ አበባ፣ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ፊት ለፊት የቆመው ትግላችን ሐውልት ነው፤ የግድግዳ ቅርጾቹን የሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች ሠሯቸው። እኔን እዚያ የሚይዘኝ ባንዲራውና የወታደሩ ጡንቻ አይደለም፤ ከኢትዮጵያ ጎን ተሰልፈው የሞቱት የኩባ ወታደሮች ምስል ነው። ሟቹን ለማሳየት ጠላት መፍጠር አላስፈለገም።

እስቲ ለዚያ ጦርነት ሌላ ግድግዳ ደቻቱ ማዶ፣ መጋላ ላይ ይቁም እንበል። ከፊራ ገበያ አንዷ በሶማልኛ ትሸጣለች፣ ጎረቤቷ በኦሮምኛ ትመልሳለች፣ ገዢው በአማርኛ ወይም በሐረሪ ይከራከራል። ቀራፂው ለጠላት የማንን ግንባር፣ የማንን አፍንጫ ይስጠው? ጠላት የነበረው የሞቃዲሾ መንግሥት ነው ማለት ለታሪክ ጸሐፊ ቀላል ነው። በነሐስ ግን መንግሥት አይቀረጽም፤ የሚቀረጸው ሰው ነው፤ ያም ሰው የመጋላን ሰው ይመስላል።

ስለዚህ ድሬዳዋ አንድ ቀን ይህን ሐውልት ካሰበች፣ ጨረታ ከመውጣቱ በፊት ቀራፂው መጋላ ገብቶ ሽማግሌዎቹንና እናቶቹን በየቋንቋቸው ይስማ። ያን ነሐሴ በልጅነት ያዩት እንኳ ዛሬ ሸብተዋል፤ ቶሎ ይሂድ።