ያረጀች እንስሳ በባለቤትዋ ላይ ያላት ሐቅ

የአላህ ባሮች ሆይ፤ አንድ ነጋዴ ሃያ ዓመት ሙሉ ጭነቱን የተሸከመችለትን አህያ፥ ጥርስዋ ባለቀ ጊዜ ከገበያ ዳር ነድቶ ቢተዋት ማንም ሌባ አይለውም፤ የወሰደው የሰው ገንዘብ የለምና። ነገር ግን ከእርስዋ የወሰደው ጉልበት አለ።

በ660 ዓመተ ሒጅራ በካይሮ የሞቱት የደማስቆው ሊቅ ዒዝ አድዲን ኢብን ዐብድ አስሰላም፥ እንስሳት በሰው ላይ ያላቸውን ሐቅ ሲዘረዝሩ አስቀድመው ያነሡት ቀለብን ነው። እንስሳይቱ ደክማ ወይም ታማ ምንም ጥቅም የማትሰጥ ብትሆን እንኳ ቀለብዋ በባለቤትዋ ላይ ግዴታ ሆኖ እንደሚኖር ጽፈዋል። ይህ ትርፍና ኪሳራ እያሰበ ለሚኖር ነጋዴ የሚከብድ ፍርድ መሆኑ አይካድም። በደማስቆ ከተማ ይህን ሸክም የሚያቃልል ወቅፍ እንደ ነበረ ሙስጠፋ አስሲባዒ ጽፈዋል፤ ባለቤቶቻቸው ለመቀለብ እምቢ ያሉአቸው ደካማ ፈረሶች እስኪሞቱ ድረስ የሚግጡበት አረንጓዴ መስክ ነበረ፤ ለድመቶችም ሌላ ወቅፍ ነበራቸው።

የአላህ መልእክተኛም (ሰላምና እዝነት በእርሳቸው ላይ ይሁን) ከአንድ የመዲና ሰው አትክልት ስፍራ በገቡ ጊዜ ግመል አይቶአቸው እንዳለቀሰ፥ እርሳቸውም ራሱን ዳብሰው ባለቤቱን ስለ ረኃቡና ስለ ድካሙ እንደ ገሠጹት በሐዲስ ተነግሮአል።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር እንግባ። በሬ ወይም በግ ቢያረጅ መታረዱ አያከራክርም። ሥጋዋ የማይበላ አህያ ወይም ድመት ከማይድን ሕመም ላይ ብትወድቅስ? ከሻፊዒ መዝሀብ ዑለማ መካከል ለማሳረፍ ተብሎ እንኳ ማረድዋ ክልክል ነው ያሉ አሉ፤ ከሐነፊ መዝሀብ መጻሕፍት ደግሞ የታመመችና የማትጠቅም አህያ ብትታረድ ጥፋት የለበትም የሚል ይገኛል። እኔ ግን ወንድሜ ሆይ፥ ፈቃዱን ከመፈለግህ በፊት ራስህን መርምር እላለሁ፤ የምታርፈው እንስሳይቱ ናትን ወይስ አንተ? ሌሊት የምትጮኸው ድመት የነሣችህ እንቅልፍ የአንተ ጉዳት እንጂ የእርስዋ ሕመም አይደለም። ጥርስ የሌላት አህያም ገለባ ማኘክ አቅቷት ስትከሳ፥ እርጅና ገደላት ይባላል እንጂ የሚገድላት ብዙ ጊዜ ረኃብ ነው፤ በውሃ የራሰ ፉርሽካ ብታቀርብላት ትበላለች። ውሃ አብዝታ እየጠጣች የምትከሳ አሮጊት ድመት ኩላሊትዋ ታሞ ሊሆን ስለሚችል ለእንስሳት ሐኪም አሳያት፤ ዛሬ ሥቃይን የሚያስታግሥ መድኃኒት አለና።

ይህ ሁሉ ተደርጎ ሥቃይ ብቻ ከቀረ፥ ፈቃዱን የተከተለውን ሰው ጨካኝ ልለው አልደፍርም። ሆኖም አሟሟትዋ ፈጣን ይሁን፤ ነቢዩ በማረድም ጊዜ ቢሆን መልካም አድራጎት እንዲጠበቅና ቢላዋው እንዲሳል አዝዘዋልና። ሣርና ውሃ ወደሌለበት አውጥቶ መጣልን ወይም ዘግቶ በረኃብ መግደልን ግን የፈቀደ መዝሀብ የለም። ድመት አስራ በረኃብ ስለ ገደለችው ሴት ቅጣት ያልሰማ ማን አለ?

በቤትህ ልጆች ቢኖሩ ድመቲቱ ወዴት ሄደች ብለው ይጠይቁሃል። ጠፋች ብለህ አትዋሻቸው፤ የቀበርህበትን ስፍራ አሳያቸው።