«ሰው አለህ?»

አዲስ አበባ ውስጥ ሥራ ፈልጎ ያየ ሁሉ የሚያውቃት አንዲት ጥያቄ አለች። «ሰው አለህ?» ትላለች። ምን እንደተማርክ፣ ምን እንደምትችል፣ ፈተናውን እንዴት እንደሠራህ ከመጠየቅህ በፊት እሷ ትቀድማለች። «አለኝ» ያለ ልቡ ያርፋል። «የለኝም» ያለ አራት ኪሎ ይወርድና ጋዜጣ ተከራይቶ፣ የመንገዱ ጠርዝ ላይ ቁጭ ብሎ የሥራ ማስታወቂያ ሲያገላብጥ ይውላል። ይህ ጸሐፊም ከተከራዮቹ አንዱ ነበር።

በጋዜጠኝነት ዲፕሎማዬን በያዝኩ ማግሥት አንድ መሥሪያ ቤት የጽሑፍ ፈተና ሰጠን። ውጤቱ ሰሌዳ ላይ ሲለጠፍ ስሜ ከሁሉም በላይ ነበር፤ ሮጬ ለእናቴ ደወልኩ። ከአሥር ቀን በኋላ የተቀጠረው ግን ሦስተኛ የወጣው ልጅ ሆነ። «በቃል ፈተናው በልጦ ነው» ተባልን። የቃል ፈተና እንደነበረ የሰማሁት ያን ዕለት ነው! በንዴት አንድ ጽሑፍ ጻፍኩ፤ ታተመልኝም። «በዘመድ የሚቀጥር ሰው ሌባ ነው፤ የሚሰርቀውም የማያውቀውን ሰው ዕድሜ ነው» የሚል ዐረፍተ ነገር ነበረበት። በዚያች ዐረፍተ ነገር ለብዙ ጊዜ ስኮራ ኖርኩ። ዛሬ የምጽፈው ከእሷ ጋር ስላለብኝ ጠብ ነው።

በ2009 ዓ.ም. መስከረም ላይ ዲቪ ደርሶኝ አሜሪካ ገባሁ። የማድረው ቨርጂኒያ ውስጥ፣ ከዋሽንግተን በፖቶማክ ወንዝ ማዶ፣ የአብሮ አደጌ ሶፋ ላይ ነበር። የሶሻል ሴኩሪቲ ካርዴ በፖስታ እስኪመጣ ጠበቅኩና ማመልከቻ መሙላት ጀመርኩ፤ ሱፐርማርኬት፣ ሆቴል፣ መድኃኒት ቤት፣ ያልሞላሁበት የለም። ቅጹ በየቦታው ሁለት ነገር ይጠይቃል። አንደኛ፣ እዚህ አገር የት ሠርተሃል? ባዶውን ተውኩት። ሁለተኛ፣ ስለ አንተ የሚመሰክሩ የሦስት ሰዎች ስም ከነስልካቸው ጻፍ። እዚህ ላይ ስደርስ ሳቄ መጣ። «ሰው አለህ?» ማለት አይደለምን? የአራት ኪሎዋ ጥያቄ እኔን ቀድማ ውቅያኖስ ተሻግራ፣ በእንግሊዝኛ ታትማ ጠበቀችኝ።

ሁለት ወር አለፈ፤ የደወለልኝ የለም። ሰው ሶፋ ላይ የሚያድር እንግዳ ቀን እንዴት እንደሚቆጥር የሚያውቀው ያደረበት ብቻ ነው። ባለቤቶቹ ፊታቸውን ሳያጠቁሩበት የጠቆረ ይመስለዋል፤ ማቀዝቀዣውን ሲከፍት እንኳ ድምፅ እንዳይሰማ ይጠነቀቃል። እናቴ በስልክ ድምፄን ሰምታ ነገሩ ገብቷት ኖሮ፣ ወሬውን እድሯ ዘንድ አደረሰችው። የአንዲት የእድር ጓደኛዋ ወንድም ለካ ዋሽንግተን መሐል ከተማ ፓርኪንግ ውስጥ ሲሠሩ ብዙ ዓመት ሆኗቸዋል። ዐይቻቸው የማላውቅ ሰው እሑድ ማታ ደወሉልኝ። «የእኅቴ ጎረቤት ልጅ ነህ አይደል? ነገ ጠዋት ና። ጫማህን ጥረግ፤ እንግሊዝኛም አታብዛ» አሉኝ።

ጠዋት ስደርስ ጋሼ (እንዲህ እያልኩ ልጥራቸው) ምድር ቤቱ ፓርኪንግ በር ላይ ቆመው ጠበቁኝ። አለቃው መጣና «ይህን ሰው ታውቀዋለህ?» አላቸው። ከተዋወቅን አርባ ደቂቃ ሆኖናል። «ወንድሜ ነው» አሉ ጋሼ፣ ምንም ሳያመነቱ። በዚያው ሳምንት ገንዘብ ተቀባይ ሆኜ ገባሁ። ክፍያው በሰዓት 11 ዶላር ከ50 ሳንቲም ነበር፤ በዚያ ዓመት የዋሽንግተን ሕግ ያስቀመጠው ዝቅተኛ ክፍያ ይኸው ነው። እኔ በማድርበት በቨርጂኒያ በኩል ሕጉ የሚያስገድደው 7 ዶላር ከ25 ሳንቲም ብቻ ስለነበር፣ ወንዙን መሻገር ብቻውን በሰዓት 4 ዶላር ከ25 ያወጣ ነበር። የማዶው ሰው ዐይን ሁሉ ወደዚህ ማየቱ አይደንቅም።

ያን ዕለት ስወጣ ደረጃው ሥር አንድ ሰው ተቀምጦ አየሁ። ማመልከቻውን በላስቲክ ጠቅልሎ ይዟል። ከኤል ሳልቫዶር የመጣ ነው። «ሦስተኛ ጊዜው ነው፤ ቦታ የለም እያሉ ይመልሱታል» አሉኝ ጋሼ። እውነትም ቦታ አልነበረም። ቦታው እኔ ነበርኩ። ከሳምንታት በኋላ ለአራተኛ ጊዜ ሲመጣ እንዳጫወተኝ፣ ሌላ ፓርኪንግ ውስጥ አራት ዓመት ሠርቷል። እኔ ስቀጠር የአሜሪካንን ሳንቲሞች እንኳ ለይቼ አላውቅም ነበር። ስልኩን በቁራጭ ወረቀት ጽፎ ሰጠኝና «ቦታ ሲኖር ደውልልኝ» አለኝ። ወረቀቷን ከገንዘብ መሳቢያው ውስጥ፣ ከሳንቲሞቹ ሥር አስቀመጥኳት። «በል እንግዲህ፣ ያቺን ዐረፍተ ነገርህን አሁን አንብባት» አልኩት ራሴን።

ነገሩ እኔ የጀመርኩት አይደለም። እንግሊዛዊው ፈላስፋ ዊልያም ጎድዊን በ1793 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፉ አንድ ምሳሌ አምጥቷል። ቤት ይቃጠላል፤ ውስጡ ሊቀ ጳጳስ ፌኔሎንና የቤት ሠራተኛቸው አሉ፤ ማዳን የሚቻለው አንዳቸውን ብቻ ነው። ለሰው ልጅ ይበልጥ የሚጠቅሙት ሊቀ ጳጳሱ ናቸውና እሳቸውን አድን ይላል ጎድዊን፤ ሠራተኛዪቱ እናትህ ብትሆንም እንኳ! እኔም አራት ኪሎ ጋዜጣ ስከራይ፣ ሳላነበው የጎድዊን ደቀ መዝሙር ነበርኩ፤ ለቦታው የሚበጀው ይግባ፣ ዝምድና አይታይ ባይ። በዚህ ሚዛን ከሄድን ያ ሥራ የእኔ አይደለም፤ ደረጃው ሥር የተቀመጠው ሰው ነው።

አንድ ቀን ምሳ ላይ ጋሼን ጠየቅኳቸው። «አገር ቤት በዘመድ የሚቀጥረው ሰው የሚሰጥህ የመንግሥትን ነው» አሉኝ። «እሱ ምንም አይጎድልበትም። እኔ የሰጠሁህ ስሜን ነው። ሒሳብ ብታጎድል፣ ብታረፍድ፣ የሚጠየቀው ማን ነው? ተያዥህ ነኝ እኮ፣ የእኔ ልጅ!» እውነት አላቸው። አገር ቤትም ገንዘብ ያዥ የሚቀጠር ሰው ተያዥ አምጣ ይባላል፤ ተያዡም ደመወዙን አስመስክሮ ይፈርማል። ይህን አድልዎ ያለው ሰው አላጋጠመኝም። አገር የለወጠ ሰው ደግሞ ዲፕሎማው አይነበብለትም፤ የቀድሞ አለቃው ስልክ አይደወልም። ተያዥ የሚሆነው ቀድሞት የገባ ያገሩ ሰው ነው። «ዘመድ ከዘመዱ፣ አህያ ከአመዱ» የሚለውን ተረት አገር ቤት ስሰማ ያንገሸግሸኝ ነበር። እዚያ ግን አመዱ ይሞቅ ነበር።

አሜሪካኖቹም አጥንተውታል። ማርክ ግራኖቬተር የተባለ የሶሲዮሎጂ ምሁር በ1973 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጽሑፍ፣ ማሳቹሴትስ ውስጥ ሥራ የቀየሩ ባለሙያዎችን ጠይቆ፣ በሰው በኩል ሥራ ካገኙት መካከል ሰውየውን አዘውትረው የሚያዩት ከመቶ 17 አይሞሉም ብሏል። የብዙዎቹ ባለውለታ አልፎ አልፎ የሚያዩት ሰው ነው። የቅርብ ወዳጅህ የሚያውቀው አንተ የምታውቀውን ነውና፣ አዲስ ወሬ የሚመጣው ከሩቁ ነው። (ምሁሩ እናቴን ቢያማክራት ኖሮ ድካሙ ባንድ ስልክ በቀለለለት ነበር።)

ጉዳዩ ፍርድ ቤትም ደርሷል። ቺካጎ ውስጥ አንድ ከኮሪያ የመጣ ስደተኛ የጽዳት ድርጅት ነበረው። ከ1983 እስከ 1987 እ.ኤ.አ. ከቀጠራቸው ሰዎች ከመቶ 81ዱ ኮሪያውያን ነበሩ፤ ከአካባቢው ሠራተኛ መካከል ግን ኮሪያውያን ከመቶ አንድ እንኳ አይሞሉም። የቅጥር አድልዎን የሚከታተለው የመንግሥት ኮሚሽን ከሰሰው። በ1993 እ.ኤ.አ. ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት፣ በዳኛ ሪቻርድ ፖዝነር ጸሐፊነት፣ ለድርጅቱ ፈረደ። ወሬውን በሚያውቁት ሰዎች በኩል ማስተላለፍ ለትንሽ ድርጅት ርካሽና የሚያዋጣ መንገድ ነው፤ ሌላውን ሆን ብሎ ለማግለሉ ማስረጃ የለም ተባለ።

ፍርዱን ሳነብ ደስ አለኝ፤ ወዲያው ደግሞ ደስታዬ አሳፈረኝ። «ሆን ብሎ» የምትለው ነገር የምትጠቅመው ውስጥ ላለው ነው። ደረጃው ሥር ለተቀመጠው በጥላቻ መገፋትና በፍቅር መገፋት ምን ልዩነት አለው? ያኔ ሦስተኛ የወጣውን ልጅ ያስገባው ሰው እኮ እኔን አያውቀኝም፤ አልጠላኝምም። ምናልባት ለእኅቱ ልጅ አዝኖ ይሆናል፤ ምናልባት ልጁም የሰው ሶፋ ላይ ያድር ነበር። ያን ጽሑፍ ስጽፍ ይህ ለአንድ አፍታም ትዝ አላለኝም። የጋሼ መልስ የሚመልሰው ግማሹን ነው። ስማቸውን አስይዘው አስገቡኝ፣ እሺ፤ ቦታው ግን እንደ ስማቸው የእሳቸው አልነበረም።

ከራሴ ጋር ስከራከር ቆይቼ አንድ ማምለጫ አገኘሁ። በሰው መግባት ኃጢአት አይደለም፤ ኃጢአቱ ከገቡ በኋላ በሩን ለራስ ሰው ብቻ መክፈት ነው አልኩ። ተራዬ ሲደርስ ስሜን ለባዕድ አስይዛለሁ አልኩ። ወረቀቷ መሳቢያው ውስጥ መኖሯ እንደ ማስረጃ ነበር የምትታየኝ።

ዓመት ሞልቶ ጥቂት እንዳለፈ አንዱ ሠራተኛ ለቀቀና አለቃው ወደ እኔ መጣ። በእንግሊዝኛ ነው ያለው፤ እኔ የሰማሁት ግን በአማርኛ ነው፤ «ሰው አለህ?» ወረቀቷ ከእጄ አንድ ስንዝር ነበር የምትርቀው። በዚያው ሰሞን ግን የአብሮ አደጌ የአክስት ልጅ ከአዲስ አበባ መጥታ፣ እኔ በተኛሁበት ሶፋ ላይ ነበር የምትተኛው። ቅዳሜ ቡና ስንጠጣ፣ ስኒ ለማጠብ ከሁላችንም ቀድማ ስትነሣ አይቻት ነበር።

«አለኝ፤ እኅቴ ናት» አልኩት። የተዋወቅነው በዚያችው ቅዳሜ ነው።

ወደ አገሬ ልመለስ ስል መሳቢያውን ያስረከብኩት ለእሷ ነው። ሳንቲሙን ቆጠርን፤ ቁልፉን ሰጠኋት። ከሳንቲሞቹ ሥር ወረቀቷን አገኘችና «ይቺ ምንድን ናት?» አለችኝ። «ሥራ የሚፈልግ ሰው ስልክ ናት፤ ቦታ ሲኖር ደውዪለት» አልኳት። እጥፍ አድርጋ ወደ ነበረችበት መለሰቻት። ደውላለት እንደሆነ እስከ ዛሬ አልጠየቅኳትም።