መደነቅ ሲጠፋ ካሳው ምንድን ነው?

በረዶ ሲጥል አንድ አዲስ ተማሪ ከንባብ ተነሥቶ ደጅ ወጣና እጁን ዘረጋ። እኛ በመስኮት አይተን ሳቅን። «ይኼ ልጅ ገና አላደገም እኮ!» አልን። ማታ ግን ሳቃችን ቆረቆረን። ለመሆኑ ማደግ ማለት መደነቅን መተው ነው እንዴ?

ጥያቄው እንግሊዛዊውን ባለቅኔ ዊልያም ወርድስወርዝንም አስጨንቆታል። በ1770 እ.ኤ.አ. የተወለደው ይህ ሰው፣ በ1802 በግራስሚር መንደር ሳለ ስለ ልጅነት ትዝታና ስለ ነፍስ አለመሞት የሚናገረውን ታላቅ ግጥሙን ጀመረ። ምድር ያቺው ናት፤ በልጅነቱ ያየባት ግርማ ግን የለም። ወዴት ሄደ ብሎ ጠየቀና ከአራት አንጓ በኋላ ቆመ። የቀሩትን ሰባቱን የጨረሰው በ1804 ነው። ባዶ ማጽናኛ ከመደርደር ሁለት ዓመት ዝም ማለቱን እናከብርለታለን።

በኋላ የሰጠው መልስ፣ ነፍስ ከሌላ ዓለም ትመጣለች፣ ልጅ ያንን ስላልረሳ ከፈላስፋ ይበልጣል የሚል ነው። ወዳጁ ኮልሪጅ በ1817 ባሳተመው መጽሐፍ ይህን ነቀፈ፤ ልጁ ራሱ የማያውቀው ዕውቀት እንዴት ፈላስፋ ያሰኘዋል አለ። እኛም በዚህ ከኮልሪጅ ጋር ነን። ልጅ ይደነቃል እንጂ መደነቁን አያውቅም። ደግሞስ ልጅነት ሁሉ ማር ነው ያለ ማነው? ወርድስወርዝ ራሱ በ1843 እንዳወሳው፣ ትምህርት ቤት ሲሄድ ዓለም ሕልም ሆና እንዳትጠፋበት እየፈራ ግድግዳ ወይም ዛፍ የሚጨብጥበት ጊዜ ነበር። በእርጅናው ያዘነው በተቃራኒው ነው፤ ዓለም ከመጠን በላይ ጠጥራበት።

ታዲያ የጠፋው ካሳ አለው? ግጥሙ አለው ይላል፤ የሰውን መከራ አይቶ የሚራራ፣ ሞትንም የሚያስብ ልብ። እኛ ግን አንድ ነገር እንጨምራለን፦ ይህ ካሳ በዕድሜ ብቻ አይገኝም። ዕድሜ መደነቃችንን ሳይጠይቀን ይወስዳል፤ ርኅራኄውን ግን እኛው ፈልገን ካልያዝነው አይሰጠንም። ብዙ ሰው የመጀመሪያውን አጥቶ ሁለተኛውን ሳያገኝ «አደግሁ» ይላል።

ያን ቀን በመስኮቱ አጠገብ የነበርነው እንዲያ ነበርን። በረዶው አላስደነቀን፣ ልጁም አላሳዘነን። ሁለት ጊዜ ከስረን ቆመን ነበር የምንስቀው።