የፋኖስ ክብር በምን ነው?

አሮጌ ፋኖስን የሚሰበስብ አለ፤ የሚያበራም አለ። ሰብሳቢው እንዳይሰበርበት ከግድግዳ ይሰቅለዋል፤ የሚያበራው ግን ላምባ ይሞላበታል፥ ክሩን ይከረክማል፥ የመስተዋቱን ጥላሸት ይወለውላል። ታዲያ አክባሪው ማንኛው ነው?

ለዚህ ጥያቄ አዘዞ ምሳሌ ትሆናለች። እስከ 1624 ዓ.ም. የነገሡት ዐፄ ሱስንዮስ ያሠሩት የገነተ ኢየሱስ ፍርስራሽ የጎብኚ ማድነቂያ ሆኖ ቀርቷል፤ በተክለ ሃይማኖት ደብር ግን ጧፉ ለጸሎት ይበራል።

ሰብሳቢውም አይነቀፍም፤ የአባቶችን ዕቃ ከመጥፋት አድኗልና። ነገር ግን ኤሌክትሪክ በጠፋበት ሌሊት፥ ላምባ የሌለው መቶ ፋኖስ ከአምስቱ ሰነፎች ደናግል መብራት አይሻልም። የአባቶች ትምህርትም እንዲሁ ነው፤ ያልቅብኛል ብሎ ያላበራው ሰው ዕቃውን አቆየ እንጂ ብርሃኑን አላቆየም።