ፈቅደን የምንገባበት ጩኸት

በዋሽንግተን ዲሲ፣ ኤፍ ጎዳና ላይ እ.ኤ.አ. በ1980 የተከፈተው «ናይን ሰርቲ ክለብ» የተባለው የሙዚቃ ቤት እንዲይዝ የተፈቀደለት 199 ሰው ብቻ ነበር። እንዲህ ባለ ጠባብ ቤት ድራም መቺው ያለ ምንም ማጉያ ቢመታ እንኳ የኋላውን ግድግዳ ተደግፎ የቆመ ሰው በደንብ ይሰማዋል። ታዲያ የፓንክና የሄቪ ሜታል ባንዶች በእንዲህ ያለ መድረክ ላይ ማጉያ በማጉያ ላይ ደርድረው፣ ሰው ከጎኑ ካለ ጓደኛው ጋር መነጋገር እስኪያቅተው ድረስ የሚጫወቱት ለምንድን ነው? ስታዲየም ውስጥ ቢሆን ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ድምፁ ሩቅ ላለው መድረስ አለበት። እዚህ ግን ሩቅ ያለ ሰው የለም። ድምፁ የሚጮኸው አዳማጩን ከተመልካችነት ለማውጣት ነው ብዬ አምናለሁ። ዋጋ የሚኖረው ደግሞ ሰው ወዶ ሲገባበትና በውስጡ ያሉት እርስ በርስ መተያየት ሲችሉ ብቻ ነው። እነዚህ ሁለቱ ከጎደሉ የሚቀረው ሁካታ ነው።

ከአካል ልጀምር። ኒል ቶድ እና ፍሬድሪክ ኮዲ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2000 ባሳተሙት ጥናት፣ ከ90 ዴሲቤል በላይ የሆነ የጭፈራ ሙዚቃ በውስጠኛው ጆሮ የሚገኘውን የሚዛን አካል ጭምር እንደሚቀሰቅስ አሳይተዋል። ይህ አካል መደበኛ ሥራው መሬት የት እንዳለች፣ ሰውነታችን ወዴት እንዳዘነበለ መንገር ነው። እንግዲህ ዝም ብሎ የቆመው አዳማጭ፣ ገና እግሩን ሳያነሳ፣ ከፊል አካሉ ተንቀሳቅሷል ማለት ነው። የቤዝ ጊታሩ ድምፅ ደግሞ የጎድን አጥንቱን ያርገበግባል፤ በእጁ የያዘው የፕላስቲክ ኩባያ ውስጥ ያለው ውሃ ላይ ክብ ክብ ሞገድ ይታያል። «ይህን ሁሉ ከምትቸገር ቤትህ ሆነህ በጆሮ ማዳመጫ ብትሰማስ?» ለሚል መልሱ ያለው እዚህ ላይ ነው። ማዳመጫው ዜማውን ያደርሳል፣ ደረትን ግን አይነካም። ዜማው አጠገብህ ያለውን ሰው ደረት በዚያችው ቅጽበት መንካቱንም ሊያሳውቅህ አይችልም። በማሕሌት ከበሮ ሲመታ አጠገቡ የቆመ ሰው ይህን ለመረዳት ብዙ ማብራሪያ የሚያስፈልገው አይመስለኝም።

ቀጥሎ ንግግር አለ። በ100 ዴሲቤል ውስጥ ማንም ማንንም አያናግርም። ንግግር ሲዘጋ ደግሞ ብዙ ነገር አብሮ ይዘጋል፤ ማዕረጋችንን፣ ትምህርታችንን፣ የመጣንበትን ቦታ የምናሳውቀው በአንደበታችን ነውና። የሚቀረው ዓይን፣ ትከሻና እጅ ነው። የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ የፊዚክስ ሊቃውንት እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጡት ጥናት፣ መድረኩ ሥር እየተጋፉ የሚጨፍሩ ሰዎች እንቅስቃሴ ከጋዝ ቅንጣቶች እንቅስቃሴ ጋር እንደሚመሳሰል አረጋግጠዋል። ተቺው ይህን ይዞ «አያችሁ፣ ሰው ማሰቡን ትቶ ቅንጣት ሆነ» ሊል ይችላል። ክርክሩ ቀላል አይደለም፤ በስብስብ ውስጥ ራሱን የሳተ ሕዝብ ያደረሰውን ጥፋት ታሪክ ያውቀዋል። ነገር ግን የጋዝ ቅንጣት የወደቀ ጓደኛውን አያነሳም። በዚህ ጭፈራ ውስጥ አንድ ሰው ሲወድቅ ዙሪያው ያሉት ወዲያው ገለል ብለው ቦታ ይሰጣሉ፤ ሁለት ሦስት እጅ ብብቱን ይዞ ያቆመዋል። ጫማ የወለቀበት ካለ ያገኘው ሰው ባለቤቱ እስኪያየው ድረስ ጫማውን ከራሱ በላይ ከፍ አድርጎ ይይዛል። ይህን ደንብ ያወጣ ሕግ የለም። ከአንዱ ወደ ሌላው በማየት የተላለፈ ልማድ ነው፤ ቃል በማይሰማበት ቦታ አሳቢነት በእጅ መገለጽ ስላለበት ነው።

የቤቱ ጥበት ሥራውን የሚሠራውም እዚህ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1987 በዋሽንግተን የተመሠረተው ፉጋዚ የተባለ ባንድ የመግቢያ ዋጋውን አምስት ዶላር አካባቢ እያደረገ ይጫወት ነበር። አባላቱ ከታዳሚው መካከል ሌላውን የሚጎዳ ሰው ካዩ ዘፈኑን አቋርጠው ያንን ሰው ይገሥጹታል፣ ገንዘቡን መልሰው ያስወጡትም ነበር። ይህን ማድረግ የሚቻለው ዘፋኙ የሰውየውን ፊት ማየት ሲችል ነው። በሃምሳ ሺህ ሰው ፊት የቆመ ዘፋኝ የሚያየው ጨለማና መብራት ነው፤ ድምፁ ለማን ምን እንዳደረገ አያውቅም።

ይህ የመተሳሰብ ልማድ ግን ሁሉንም እኩል አልጠበቀም። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ ቢኪኒ ኪል የተባለው የፓንክ ባንድ ዘፋኝ ካትሊን ሃና ሴቶች ወደ መድረኩ ፊት እንዲመጡ፣ ወንዶች ወደ ኋላ እንዲሉ በይፋ ትጠይቅ ነበር። እስከዚያ ድረስ ፊት ለፊቱ የጉልበተኞች ሆኖ ቆይቶ ነበርና። ይህ ለክርክሬ እንቅፋት አይደለም፤ እንዲያውም አሳቢነቱ በራሱ ጊዜ የሚመጣ ሳይሆን ሰው የሚታገልለት ነገር መሆኑን ያሳያል። ሙዚቃው ራሱ ቁጣ ይዘራል ለሚሉት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣ የኩዊንስላንድ ዩኒቨርሲቲ ጥናት አለ። 39 የዚህ ሙዚቃ ወዳጆች ሆን ተብሎ እንዲናደዱ ተደርገው የመረጡትን ዘፈን ሲሰሙ ንዴታቸው አልባሰም፤ ይልቁንም መነቃቃት ተሰማቸው። ቁጥሩ ትንሽ ስለሆነ ብዙ አልደገፍበትም።

ይህን ሙዚቃ የባዕድ ጎረምሳ ነገር ነው ብሎ የሚተወው አንባቢም ይኖራል። ነገር ግን ሃርድኮር የሚባለውን የፓንክ ዓይነት ከፈጠሩት መካከል ግንባር ቀደሙ ባድ ብሬይንስ የተባለው የዋሽንግተን ጥቁር ወጣቶች ባንድ ነው። አባላቱ ራስተፈሪያውያን ነበሩ፤ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን ስም በክብር የሚጠሩ። እ.ኤ.አ. በ1982 የወጣው አልበማቸው ሽፋንም አረንጓዴ፣ ቢጫና ቀይ ነው። ዛሬ በዚያች ከተማ ዘጠነኛው ጎዳና ላይ ዲሲ ናይን የሚባል አነስተኛ የሙዚቃ ቤት ከኢትዮጵያውያን ምግብ ቤቶች ጋር ጎረቤት ሆኖ ይሠራል።

ጎረቤትነት ግን ፈቃድን ያስታውሳል። ቲኬት ቆርጦ የገባው ሰው ጩኸቱን መርጦታል፤ ሲበዛበት በሩ ክፍት ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ሌሊቱን ሙሉ ሞንታርቦ በተተከለበት ሰፈር የሚኖር፣ ልጁን ማስተኛት ያልቻለ ሰው ግን አልመረጠም፤ የሚወጣበት በርም የለውም። ዴሲቤሉ ከሙዚቃ ቤቱ በጣም ያነሰ ሊሆን ይችላል፤ በደሉ ግን ይበልጣል። ስለዚህ የጩኸት ጥፋትና ጥቅም በመለኪያ መሣሪያ ብቻ አይታወቅም።

ከሁሉ የሚከብደኝ ተቃውሞ የጆሮ ነው። የተጎዳ የመስማት ሕዋስ ተመልሶ አይበቅልም። ታዳሚው ፈቅዶ ገብቷል እንበል፤ በወር አንዴ ይመጣል፣ የጆሮ መድፈኛም ማድረግ ይችላል። መጠጥ የምትቀዳው ልጅና የድምፅ ባለሙያውስ? እነሱ በየምሽቱ እዚያው ናቸው፤ በሩ ክፍት ቢሆንም የሚወጡት ሥራቸውን ትተው ነው። በፈቃድ ላይ የቆመው ክርክሬ እነሱን አይሸፍንም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 ያወጣው መመሪያ የሙዚቃ ቤቶች ድምፅ በ15 ደቂቃ አማካይ ከ100 ዴሲቤል እንዳይበልጥ፣ ጆሮ የሚያርፍበት ጸጥ ያለ ቦታ እንዲኖር፣ መድፈኛም እንዲቀርብ ይጠይቃል። ሙዚቃው የሚዛን አካላችንን የሚቀሰቅሰው ከ90 ዴሲቤል ጀምሮ ከሆነ፣ በዚህ ገደብ ውስጥ ሙዚቃው የሚያጣው ነገር የለም። ገደቡን የማይቀበል የሙዚቃ ቤት ባለቤት ስለ ነጻነት ሲናገር የሠራተኞቹን ጆሮ ሒሳብ ውስጥ አላስገባም።